የልክ ደብተሬ

ጥምቀት ሦስት ሳምንት ቀረው። ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ዘንድሮ የልጄን ቀሚስ ራሴ ልሰፋው አስቤያለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለው አባባል ያስጨነቃችሁ መሰለኝ። ለሁላችሁም በየተራ መመለስ ስላቃተኝ እዚሁ ልጻፈው። መኪና መግዛቱ ይቆይ፣ ጨርቅ መምረጡም ይቆይ። መጀመሪያ አንድ ደብተርና አንድ ሜትር ይኑራችሁ።

የእኔ ደብተር ባለ 50 ቅጠል የተማሪ ደብተር ነው፤ ሽፋኑ ላይ የመኪና ዘይት ፈሶበት ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ለእያንዳንዱ የቤት ሰው አንድ አንድ ገጽ አለው። ከላይ ስም፣ ከዚያ ቀን፣ ከዚያ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ እጅጌ፣ አንገት፣ ቁመት። አንድ ልብስ በሰፋሁ ቁጥር እንደገና እለካለሁ እንጂ ያለፈውን ቁጥር አላምንም። የትልቋ ልጄ ደረት አራት ዓመቷ ላይ 56 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ አሁን በስምንት ዓመቷ 64 ደርሷል። የባለቤቴን ወገብ ግን ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገብቶኛል።

በቤት መስፋት ይረክሳል ብዬ አልሸነግላችሁም። ጨርቁ፣ ክሩ፣ ዚፑ፣ ገበሩ ሲደመር፣ በዚያ ላይ የምታበላሹት ሲታከልበት፣ ከሳልባጅ ተራ የሚገዛ ቀሚስ ያሸንፋችኋል። ጊዜያችሁን ከቆጠራችሁትማ ባትጀምሩት ይሻላል። እኔ የምሰፋበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ምክንያቱ እማዬ ናት።

እማዬ ጀርባዋ መጉበጥ ከጀመረ ቆይቷል። የሚገዛላት ቀሚስ ሁሉ ከፊት መሬት ይጠርጋል፣ ከኋላ ተረከዟን አልፎ ባቷ ድረስ ይወጣል። «ከኋላ ይሸሽብኛል» ትል ነበር። እኛ ደግሞ የሰፊው ጥፋት ነው እያልን ከፊት በኩል ጫፉን እናሳጥርላት ነበር። አንድ ቀን ሜትሩን ይዤ ጀርባዋን ከአንገቷ አጥንት እስከ ወገቧ፣ ከፊት ደግሞ ከአንገቷ ሥር በደረቷ ላይ አሳልፌ እስከ ወገቧ ለካሁ። በአብዛኛው ሴት ላይ የፊቱ ነው በጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚበልጠው። በእማዬ ላይ ተገልብጦ የኋላው በ5 ሴንቲ ሜትር በልጦ ተገኘ። ያ ሁሉ ዓመት «ሸሸ» የተባለው ጨርቅ ጀርባዋ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ያለቀ ጨርቅ ነበር።

ደስ ብሎኝ አዲስ ቀሚስ ቆረጥኩ፤ 5ቱን ሴንቲ ሜትር ከኋላ ጫፉ ላይ ጨመርኩለት። ስትለብሰው ጫፉ እውነትም እኩል ሆነ። አንገቱ ግን ወደ ኋላ እየተጎተተ ጉሮሮዋን ያዛት። እሷ መናገሩን ስለማትወድ ዝም ብላ በጣቷ ወደ ፊት ትስበው ነበር። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጋሼ አዩና ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ጨርቁ የጎደላት ጀርባዋ ላይ ነው፤ አንቺ እግሯ ሥር ሰጠሻት» አሉኝ። ተርትሬ እንደገና ቆረጥኩት። ጭማሪው መግባት ያለበት ከትከሻ ዝቅ ብሎ ጀርባ በሚጎብጥበት መስመር ላይ ነው። የኋላውን ቅድ እዚያ ቦታ ላይ በአግድም ትሰነጥቁትና 5 ሴንቲ ሜትር ትከፍቱታላችሁ፣ ከታች ያለው ሁሉ እንዳለ ይወርዳል። አንገቱም አርፎ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ የኋላ ዚፕም አላደርግላትም፤ ክንዷ ወደ ኋላ አይታጠፍማ። ከፊት እስከ ወገብ የሚከፈት፣ ትልልቅ ቁልፍ ያለው አደርገዋለሁ። ጣቶቿ ትንሿን ቁልፍ መያዝ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ይህንን የትኛው ሱቅ ያውቅላታል?

ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። ልጅ ስትለኩ ሹራቡን አስወልቁ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ደረቱን ስትለኩ በሜትሩ ሥር አንድ ጣታችሁ ይግባ። ከዚያ ለመተንፈሻና ለመጫወቻ የሚሆን ትጨምራላችሁ። የማይለጠጥ ጨርቅ ከሆነ ለልጅ 8 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የልጄ ደረት 64 ነው፤ 8 ሲጨመር 72። የፊቱንም የኋላውንም ጨርቅ አጥፌ ስለምቆርጥ ለአራት አካፍለዋለሁ፣ 18 ይሆናል። ለስፌት 1.5 ስጨምርበት ከእጥፋቱ ጀምሬ 19.5 ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ለአንገት ደግሞ የአንገቱን ዙሪያ ለስድስት ታካፍላላችሁ፤ 30 ከሆነ 5። ይህ 5 ከእጥፋቱ የሚለካ ነው።

ያቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቧት፤ እኔን አንድ ቀሚስ አስከፍላኛለች። ልጄ ሰባት ዓመቷ እያለ ለእንቁጣጣሽ ነጭ ቀሚስ ቆረጥኩላት። ሌሊት ነው፣ ነገ በዓል ነው፣ ጨርቁ መታጠፉን ረሳሁና የአንገቱን ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር ከእጥፋቱ ጀምሬ ወሰድኩ። ስዘረጋው 20 ሆኖ ቁጭ አለ። ለካኋት፤ ቀሚሱ በአንዱ ትከሻዋ በኩል ሾልኮ ወረደ። ልጄ ሳቀች፣ እኔ ለማልቀስ ምንም አልቀረኝም። የተቆረጠ ጨርቅ አይቀጠልም፤ የሚደረበው ግን አይጠፋም። ከአሮጌ ነጠላዬ ጥለቱን ቆርጬ አነሳሁና እንደ ሰፊ አንገትጌ አድርጌ በእጅ መርፌ ዙሪያውን ሰፋሁት። ሲነጋ የጎረቤት ሴቶች ዲዛይኑን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቁኝ። እውነቱን አልነገርኳቸውም፤ ለእናንተ ግን ይኸው ተናገርኩ።

መኪናዬ ከአክስቴ የወረስኩት የእግር ሲንጀር ነው። መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው ጓደኞቼ ይቀኑብኛል። ይስሐቅ ሲንጀር የስፌት መኪናውን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1851 እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ አሠራሩ እስከ ዛሬ በመሠረቱ አልተለወጠም። መርፌው ክሩን ይዞ ጨርቁን ወግቶ ይወርድና ትንሽ መለስ ሲል ከታች ቀለበት ይሠራል። ከሥር የሚሽከረከረው ሹል ብረት ያንን ቀለበት ይዞ በታችኛው ክር ዙሪያ ያዞረዋል፤ ሁለቱ ክሮች በጨርቁ መሃል ይቆላለፋሉ። ይህን ካወቃችሁ ብዙ ብስጭት ይቀርላችኋል። ለምሳሌ ከጨርቁ ሥር ክሩ እንደ ወፍ ጎጆ ሲተበተብ ሁሉም ሰው የታችኛውን ክር ይነካካል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ነው፤ ክሩን ከሚያጠብቁት ሁለት ክብ ብረቶች መካከል በትክክል አልገባም። ጨርቅ የሚጫነውን እግር ከፍ አድርጋችሁ ክሩን ከመጀመሪያው እንደገና አሳልፉት። መርፌም ቀይሩ። ለመካከለኛ ጥጥ ቁጥር 14 ይስማማል፤ የደነዘዘ መርፌ ጨርቅ ሲበሳ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ አለው፣ ትለዩታላችሁ።

በነገራችን ላይ፣ ፋብሪካንና ማሽንን አጥብቆ ይነቅፍ የነበረው ማኅተመ ጋንዲ የሲንጀርን መኪና ከነቀፋው ለይቶ አውጥቷታል። ይህንን ለእማዬ ስነግራት አልገረማትም። እሷ እንደሆነ ከጋንዲ ጋር የምትስማማው በእንዝርቱ ነው። ለአምስታችንም ልጆቿ ስንወጣ አንዳንድ ጋቢ ሰጥታናለች፤ ማጉን በሙሉ ራሷ ፈትላ። ጥጡን ትዳምጣለች፣ በደጋን ነድፋ ባዘቶ ታደርገዋለች፣ ከዚያ ማታ ማታ ወሬ እያወራች እንዝርቷን ታሾራለች። ድሩን ከሱቅ ነው የምትገዛው፣ የፋብሪካ ክር ጠንካራ ስለሆነ ለመወጠር ይሻላል ትላለች። ልቃቂቱ ቅርጫቱን ሲሞላ ሽሮ ሜዳ ላለ ሸማኔዋ ትወስድለታለች። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ የሚበላው ማግ ማለቂያ የለውም፤ የእኔን ለመጨረስ ሁለት ክረምት ፈጅቶባታል። ሰርጌ ዘግይቶ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው ብላ እስከ ዛሬ ትከራከራለች።

ስጦታ እንስራ ለምትሉኝ፣ ከጨርቅ በፊት ሰውየውን አስቡት። ለአባዬ ፒጃማ ነው የሰፋሁለት፤ ወገቡ ላይ ላስቲክ፣ ኪሱ ደግሞ ትንሿ ሬድዮ የምትገባበት ስፋት። ለታናሽ ወንድሜ አራስ ልጅ የአባቱን አሮጌ ሸሚዝ አፍርሼ እጀ ጠባብ አደረግኩለት፤ ብዙ የታጠበ ጥጥ ለስላሳ ስለሆነ ለአራስ ቆዳ ከአዲሱ ይመረጣል። የቁልፉን መስመር እንዳለ ተውኩት፣ ቁልፍ መትከል ከሁሉ የሚያሰለቸኝ ሥራ ነው። ዳንቴል ለምትሠሩ ደግሞ አዝናለሁ። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ከመጣ ወዲህ ዳንቴል ማረፊያ አጣ። እናቶቻችን በኪሮሽ ሌሊቱን ሙሉ የሠሩት ሁሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። እኔ አንዱን ነጭ ዳንቴል የልጄ ቀሚስ ጀርባ ላይ ሰፍቼው ነፍስ ዘርቶበታል።

እህቴ አሜሪካ ነው የምትኖረው። ለልጇ ቀሚስ ልልክላት ልኩን በቴሌግራም ጻፈችልኝ፦ ደረት 66፣ ቁመት 90፣ ትከሻ 13። ትከሻዋ 13 ሴንቲ ሜትር የሆነች ልጅ አሻንጉሊት ናት። ለካ ሜትሩ ሁለት ፊት አለው፤ በአንዱ ሴንቲ ሜትር በሌላው ኢንች፣ እህቴ መሃል ላይ ገልብጣዋለች። 13 በ2.54 ሲባዛ 33፤ አሁን ሰው ሆነች። ውጭ አገር ላላችሁ ዘመዶች የምትሰፉ ካላችሁ፣ ልኩን በጽሑፍ ብቻ አትቀበሉ፤ ሜትሩን ሰውነቷ ላይ አድርጋ ፎቶ ትላክላችሁ።

አሁን ወደ ጥምቀቱ ቀሚስ። ጨርቁን ሳትነክሩ አትቁረጡ። ጥጥ ከሆነ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ከአንድ ሜትር ላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ቢወስድባችሁ አትደነቁ። ካልነከራችሁት ልጃችሁ ጥምቀትን ለብሳው ትውላለች፣ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ለእህቷ ይሆናል። ሌሊቱን ንከሩት፣ ሳትጨምቁ አስጡት፣ ገና እርጥበቱ ሳይለቀው ተኩሱት። ከታች ደግሞ ለልጅ 8 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፉላት፤ ለከርሞ ተርትራችሁ ታወርዱታላችሁ። የድሮው እጥፋት መስመር ስለሚታይ በላዩ ላይ ጥለት ወይም ጥልፍ አሳልፉበት።

የእማዬም ቀሚስ ከዘንድሮው ተራ ውስጥ አለ። ባለፈው እሑድ ልክ ስወስድላት ደብተሩን አየችና ገጿ ላይ ምን እንደተጻፈ አንብቢልኝ አለችኝ። አነበብኩላት። ከፊት በኩል የቀሚስ ቁመት፣ በ2010 ዓ.ም. 128። በ2014 126። ዘንድሮ 124።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ቁመቴን የት ወሰድሽብኝ?» አለችኝ።

«ሜትሩ ነው እማዬ» አልኳት።

«እንግዲያው በ126 ስፊልኝ፤ አንቺ ሳትለኪ በፊት እንደነበርኩት።»

እሺ ብያታለሁ። በ126 ቆርጬ ሁለቷን ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፌያታለሁ።