የጦርነት ዘመን ወህኒ ቤት ወደ ቅርስነት ስለ መለወጡ፤ በተለይም ስለ ዓለም በቃኝ

ከገርጂ በታክሲ ተነሥቶ በሜክሲኮ በኩል ወደ ሳር ቤት የሚያልፍ ሰው ረጅሙን የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ሳያይ አይቀርም። ቁመቱ 99.9 ሜትር ነው፤ ልኩም የተመረጠው ኅብረቱን ለመመሥረት የተወሰነበትን ቀን፥ ይኸውም እ.ኤ.አ. 9/9/1999ን እንዲያስታውስ ተብሎ ነው። ነገር ግን ሕንጻው የቆመበት ግቢ ሌላም ነገር ሊያስታውስ እንደሚገባው ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል የሚያውቅ ጥቂት ነው። በዚሁ ስፍራ እስከ እ.ኤ.አ. 2007 ድረስ ቆሞ የነበረው ዓለም በቃኝ የተባለው ወህኒ ቤት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው፥ በጦርነት ዘመን ሰው የታሰረበት ቦታ እንዴት የመታሰቢያና የጎብኝዎች ስፍራ እንደሚሆን፥ ሳይሆን ሲቀርም ምን እንደሚጎድል ነው።

«ዓለም በቃኝ» ቀድሞ የመናኝ ቃል ነው፤ ሰው በፈቃዱ ዓለምን ትቶ ገዳም ሲገባ የሚናገረው ነው። ወህኒ ቤቱ ግን ይህን ስም ያገኘው ሳይፈቅዱ ከዓለም ከተለዩት ሰዎች ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። ሕንጻው ስምንት ማዕዘን ሆኖ ክፍሎቹ አንዱን የውስጥ አደባባይ ከበው የተሠሩ ስለ ነበሩ፥ እስረኛው ከሰማይ በቀር ወደ ውጭ የሚያየው ነገር አልነበረውም።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፥ ፋሺስቶች ሕዝቡን በየመንገዱና በየቤቱ ሲፈጁ፥ ብዙ የተማሩ ኢትዮጵያውያን በዓለም በቃኝ ታስረው ተገድለዋል። ከ37 ዓመት በኋላም ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ባለ ሥልጣኖችን ያለ ፍርድ ያስገደለው በዚሁ ወህኒ ቤት ነው። ቦታው እንግዲህ የአንድ ዘመን ብቻ ምስክር አልነበረም።

ፋሺስቶች ኢትዮጵያውያንን ያሰሩባቸው ሌሎች ቦታዎች ከአገራችን ውጭ ናቸው። ከሞቃዲሾ አጠገብ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር የነበረው ዳናኔ አንዱ ነው፤ በዚያ ታስረው የነበሩት ሚካኤል ተሰማ ከጦርነቱ በኋላ በሰጡት የምስክርነት ቃል፥ ከ6,500 እስረኞች 3,175ቱ በምግብ እጥረት፥ በተበላሸ ውኃና በበሽታ እንደ ሞቱ ገልጸዋል። ሁለተኛው በሳርዲኒያ አጠገብ ያለችው የአዚናራ ደሴት ናት። ከየካቲት 12 በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ መኳንንትና ቤተ ሰቦቻቸው ወደዚያ ተግዘዋል፤ ከእነርሱም አንዷ ልዕልት ሮማንወርቅ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ እርሳቸውም በ1940 እ.ኤ.አ. በቶሪኖ ከተማ እንደ ተጋዙ ዐረፉ። አዚናራ ከእ.ኤ.አ. 1997 ወዲህ ብሔራዊ ፓርክ ሆናለች። ብዙ ጎብኚ ግን የሚመጣው ባሕሩንና ነጫጭ አህዮቿን ለማየት ነው። ከዚህ የምንማረው፥ በሩን ለጎብኚ መክፈት ብቻውን ማስታወስ እንዳልሆነ ነው።

እንግዲህ ወህኒ ቤትን መታሰቢያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሦስት ነገሮችን ለይተን እናያለን። አንደኛው ሥፍራው ራሱ ነው፤ ግድግዳውና የክፍሉ ጥበት ከመጽሐፍ ይልቅ ፈጥነው ያስረዳሉ። ሁለተኛው ምስክሩ ነው። በደቡብ አፍሪካ የሮበን ደሴት እ.ኤ.አ. በ1997 ሙዚየም ሲሆን፥ ጎብኚውን ክፍል ለክፍል እየመሩ የሚያስረዱት ቀድሞ በዚያው የታሰሩ ሰዎች ሆኑ፤ በመስቀል አደባባይ በሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም ይኸው ልማድ አለ። ሦስተኛው የሟቾቹ ስም ነው፤ ስም የሌለው ቁጥር ከጆሮ አልፎ ልብ አይደርስምና።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፥ የመከራ ቦታ ፈርሶ በጎ ነገር ቢሠራበት ይሻላል የሚል ነው። ይህን ንቀን አናልፈውም፤ መሬት በጠበበበት ከተማ፥ አፍሪካ የምትመክርበት አዳራሽ በገዳዮች ግቢ ላይ መቆሙ ራሱ ድል ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን የሚያልፈው ሰው ምን እንደ ተሸነፈ ካላወቀ ድሉም አይታወቅም። ሁለተኛው፥ የሰው ሥቃይ የገበያ ዕቃ እንዳይሆን የሚሰጋ ነው። ይህ ስጋት እውነተኛ ነው፤ ስለዚህ የጎብኚው ቁጥር ከመታሰብ በፊት የሟቾቹ ቤተ ሰቦች ሊጠየቁ ይገባል።

በማፍረስና እንደ ነበረ በመተው መካከል ሦስተኛ መንገድ እንዳለ በየቀኑ የምናልፍበት የስድስት ኪሎ ግቢ ያሳያል። ፋሺስቶች በቤተ መንግሥቱ ፊት፥ ሥልጣን ከያዙ ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ ደረጃ እየቆጠሩ ያቆሙት የድንጋይ መሰላል አልፈረሰም፤ ከነጻነት በኋላ ግን በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ድንጋዩ ያው ነው፤ ትርጉሙ ግን ተገለበጠ።

ዓለም በቃኝ ፈርሷልና ግድግዳውን መመለስ አይቻልም። የአፍሪካ ኅብረት በግቢው የሰብአዊ መብት መታሰቢያ ለማቆም አቅዶ ነበር፤ መታሰቢያው ሲሠራ የስምንት ማዕዘኑ መስመር በመሬቱ ላይ በድንጋይ ቢሠመር፥ የታወቁት የሟቾች ስሞችም ቢጻፉ፥ ከሦስቱ ነገሮች ሁለቱ በከፊል ይመለሳሉ። ሦስተኛው፥ ይኸውም ምስክርነቱ፥ ጊዜ አይሰጥም። በ1929 ዓ.ም. የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ወደ 100 ዓመት ተጠግቷል፤ በደርግ ዘመን የታሰሩት ግን ብዙዎቹ በመካከላችን አሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የተወጋው ሲያልፍ ግን የሚያስታውሰው የጻፈው ብቻ ነው። ስለዚህ የታሪክ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያችን በየሰፈራችን የሚገኙትን የቀድሞ እስረኞች ጠይቀን ቃላቸውን በፈቃዳቸው ብንመዘግብ፥ መምህራንም መዝገቡን በቤተ መጻሕፍት ቢያኖሩልን፥ መታሰቢያው በሚቆምበት ቀን የሚናገረው ነገር አይታጣም።