የተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ዓይነቶችና ስያሜያቸው

አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ሰነዱ ላይ «ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር» ብሎ ብቻ ቢጽፍ፣ ላፕቶፕ የሚያቀርበውም ሆነ ታብሌት የሚያቀርበው ነጋዴ «የተጠየቅሁትን አቅርቤአለሁ» ሊል ይችላል። ስያሜው የወል መጠሪያ እንጂ የአንድ ዓይነት ስም አይደለምና። በዚህ ጽሑፍ ሸማቹም ሆነ ተርጓሚው ሊለያቸው የሚገባቸውን ዓይነቶች ከነስያሜያቸው ለመመርመር እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የወል ስያሜውን እንመልከት። «ተንቀሳቃሽ» የሚለው ቅጽል በራሱ ኃይል የሚሄድ ነገርን ያስመስላል የሚል ነቀፌታ ሊነሣበት ይችላል። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከሚንቀሳቀሱ ንብረቶች የሚቆጥረው ራሱ የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ሳይሆን ሰው የሚያንቀሳቅሰውንም ነው። «ተንቀሳቃሽ ስልክ»ም በዚሁ ፈለግ ተለምዷል። ስለዚህ ቃሉን ለጠቅላላው ወገን እንይዘዋለን።

ከዚህ ወገን ቀደምት ከሆኑት አንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ኦስቦርን 1 ነው። ክብደቱ 11 ኪሎ ግራም ያህል ስለ ነበር ሻንጣ ተሸክሞ የመጓዝ ያህል ነበር። በኋላ መሣሪያው እየቀለለ ሲሄድ ጭን ላይ የሚቀመጠው ላፕቶፕ፣ የደብተር መጠን ያለው ደግሞ ኖትቡክ ተባለ። ዛሬ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ በመሆኑም ሁለት የአማርኛ ስያሜ መፍጠር የሌለ ልዩነት እንዳለ ማስመሰል ይሆናል። ሕዝቡ የተቀበለው «ላፕቶፕ» ለሁለቱም ይበቃል።

በ2007 እ.ኤ.አ. ገደማ የተስፋፋው ኔትቡክ አነስተኛና ርካሽ ላፕቶፕ ነበር። አልትራቡክ ኢንቴል በ2011 እ.ኤ.አ. ለስስና ቀላል ላፕቶፖች ያወጣው የንግድ ስም ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ክሮምቡክ ግን የሚለየው በሥርዓተ ክወናው ነው፤ ለዊንዶውስ የተዘጋጀ ፕሮግራም በቀጥታ አይሠራበትም። ስለሆነም ተርጓሚው የፊተኞቹን ሁለቱን «አነስተኛ ላፕቶፕ»፣ «ስስ ላፕቶፕ» ብሎ ሊገልጻቸው ሲችል፣ ክሮምቡክን ግን በስሙ ሊጠራው ይገባል።

ታብሌት ጣት በሚነካው ማያ ገጽ የሚሠራና ቋሚ የቁልፍ ሰሌዳ የሌለው ነው። ቃሉ በቀጥታ ቢፈታ «ጽላት» ይሆን ነበር። ነገር ግን ጽላት በአማርኛ ከቤተ መቅደስ ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ለሸቀጥ ስም አይስማማም። «ታብሌት» የመድኃኒት እንክብልንም ማመልከቱ አይካድም፤ ሆኖም ዐውዱ ስለሚለየው ቃሉ እንዳለ ቢወሰድ ይሻላል።

የላፕቶፕንና የታብሌትን ጠባይ አጣምረው የያዙም አሉ። እነዚህን «ተጣጣፊ» ማለት አይበቃም፤ ማንኛውም ላፕቶፕ ይታጠፋልና። ማያ ገጹ ዞሮ ከጀርባ የሚገጥመውን «ተገልባጭ»፣ ከቁልፍ ሰሌዳው የሚላቀቀውን «ተነቃይ» ብንላቸው ልዩነቱ ይጠበቃል።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት መመሪያ አንድ ነው፤ ስያሜ ሊከተል የሚገባው የንግድ ማስታወቂያን ሳይሆን የመሣሪያውን ባሕርይ ነው። የጨረታው ሰነድ «ቋሚ የቁልፍ ሰሌዳ ያለው፣ ይህን ሥርዓተ ክወና የሚጠቀም ላፕቶፕ» ቢል ኖሮ ነጋዴውም ገዢውም በአንድ ቃል በተግባቡ ነበር።