ከወረቀት የምትነሣ ወፍ

መስከረም 1 ማለዳ ወንዶች ልጆች በቀለም የሣሉትን ፀሐይ፣ አበባና መልአክ ይዘው የጎረቤት በር ያንኳኳሉ። ሥዕሉን ሰጥተው ሳንቲም ወይም ዳቦ ይቀበላሉ። በእጅ የተሠራ የመልካም ምኞት ካርድ እንግዳችን አይደለም። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ የዚሁ ሥራ የሩቅ ዘመድ ነው፦ ወፍና ቅጠል በባለስለት ቅርጽ ከወረቀት ቆርጦ ካርድ መሥራት።

ለገበያ የታተመው የመጀመሪያው የገና ካርድ እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ ወጣ፤ ያሠራው ሄንሪ ኮል፣ የሣለው ጆን ሆርስሊ ነው። ባለስለቱ ቅርጽ ግን የመጣው ከጫማ ሠሪዎች ቤት ነው። የጫማ ሶል በአንድ ልክ ከቆዳ ለመቁረጥ የተሠራው ብረት ኋላ ወረቀትም ለመደ።

ይህን ብረት ወረቀቱ ላይ የሚጫነው መሣሪያ ሁለት ሲሊንደሮችና በእጅ የሚዞር እጀታ አለው፤ መብራት አይፈልግም። ከታች ዝርግ ፕላስቲክ፣ በላዩ ጠንከር ያለ ወረቀት፣ ቀጥሎ ስለቱ ወደ ወረቀቱ የዞረ ቀጭን ብረት፣ ከላይ ሌላ ፕላስቲክ ይደረጋል። እጀታው ሲዞር ድርቡ በሲሊንደሮቹ መካከል ያልፋል፤ ግፊቱም ስለቱን ወረቀቱ ውስጥ ይሰድደዋል። ፕላስቲኩ ይንቋቋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ተሰበረ ብሎ ይደነግጣል፤ ጤነኛ ድምፅ ነው። ፕላስቲኩ ሁልጊዜ በአንድ ፊቱ ከተሠራበት ግን ይቆለመማልና እያገላበጡ መጠቀም ያስፈልጋል።

የሚያስቸግረው ቅጠሉ ነው። የወፍ ገላ ሰፊ ስለሆነ ቶሎ ይላቀቃል፤ ደቃቅ ቅጠል የበዛበት ዘለላ ግን ብረቱ ውስጥ ተወትፎ ይቀራል፣ በጥፍር ቢጎትቱት ከአንገቱ ይቀነጠሳል። በብረቱና በወረቀቱ መካከል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ጣል ማድረግ ይረዳል። እምቢ ካለም ከብረቱ ጀርባ ባሉት ቀዳዳዎች በመርፌ ጫፍ ቀስ እያሉ መግፋት ነው።

እስከዚህ ድረስ ወፏ ጠፍጣፋ ወረቀት ናት። እኔ የምወደው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ክንፏን እርሳስ ላይ ጠቅለል አድርጋችሁ ትለቁታላችሁ፤ ቀና ይላል። ኮላውን በስቲኪኒ ጫፍ ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ ሆዷን ብቻ ትለጥፋላችሁ፤ ክንፉ ነፃ ይቀራል። ቅጠሉንም እንዲሁ በመሐል ጅማቱ ላይ አጠፍ ማድረግ ነው። በመስኮት የሚገባው ብርሃን ሲያርፍበት የክንፉ ጥላ ካርዱ ላይ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ወፏ ልትበር የተነሣች ትመስላለች።

በገበያ ያሉት ቅርጾች በብዛት የፈረንጅ አገር ወፍና ቅጠል ናቸው። እንግሊዞች በገና ካርዳቸው ላይ ደረተ ቀዩን ሮቢን ያስቀምጣሉ፤ የድሮ ፖስተኞቻቸው በቀይ ልብሳቸው ምክንያት በዚችው ወፍ ስም ይጠሩ ነበር። ለእነሱ ትርጉም አላት። ለእኛ ግን የመስከረሟ የመስቀል ወፍ አለችልን፤ የዋንዛ ሰፊ ቅጠል፣ የወይራም ቀጭን ቅጠል አለ። ማሽኑ ከሌለ እነዚህን በካርቶን ላይ ነድፎ በትንሽ መቀስ መቁረጥ ይቻላል፤ ጊዜ ቢወስድም ያምራል።

አንድ ኤ4 ወረቀት ለሁለት ተቆርጦ እያንዳንዱ ቢታጠፍ ሁለት ካርድ ይወጣዋል። ክንፉ ፖስታ ውስጥ ስለሚጨፈለቅ በእጃችሁ ስጡት፤ በጀርባውም የወፏን ስም ጻፉበት። ለመስከረም 1 የሚሆነውን ነሐሴ ላይ ጀምሩት።