ለተፈኩር የሚሆን ጊዜ ከማዕዳችን እናትርፍ



ረመዳን ሲገባ መስጂዶቻችን ይሞላሉ፤ መደርደሪያ ላይ የከረመው ቁርኣን ይወርዳል፤ ሌሊቱም በተራዊህ ይደምቃል። ለዚህ ጸጋ አልሐምዱሊላህ እንላለን። ነገር ግን በየቤታችን ከአስር ሰላት እስከ መግሪብ ያለውን ጊዜ እንመልከት። አባወራው ስልኩን እየነካካ አዛን ይጠባበቃል። ልጆች ቴሌቪዥኑን ከበዋል። እናት ግን ሳምቡሳ ስትጠቀልል፣ ሾርባ ስታማስል አዛኑ ምድጃ ሥር ያገኛታል። የጾመኛ ዱዓ ተቀባይ እንዲሆን ተስፋ የሚደረግበት ሰዓት እንዲህ ሆኖ ያልፋል።

በመስጂድ የምናገለግል ሰዎች በየዓመቱ ከእህቶቻችን የምንሰማው አቤቱታ አለ። ሲጾሙ ውለው ሲያበስሉ ያመሻሉ፤ ረጋ ብለው ወደ ጌታቸው የሚዞሩበት ጊዜ አያገኙም። ጾመኛን ማስፈጠር ትልቅ ምንዳ እንዳለው እናስተምራለን፤ እውነትም ነው። ይህ ምንዳ ግን ሥራውን ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ለመጣል ምክንያት አይሆነንም።

ዚክር አላህን በምላስና በልብ ማውሳት ነው። ተፈኩር ደግሞ ስለ ፍጥረቱ፣ ስለ ጸጋውና ስለ ራሳችን ሁኔታ ረጋ ብሎ ማሰብ ነው። በአሊ ዒምራን ምዕራፍ 190ኛና 191ኛ አንቀጾች ባለ አእምሮዎች የተገለጹት በሁለቱም ነው፤ አላህን ማውሳትንና በፍጥረቱ ማስተንተንን አጣምረው ይዘዋል። ነቢያችን ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ወሕይ ከመምጣቱ በፊት በሒራ ዋሻ ለብቻቸው ይቆዩ ነበር። ኢማም አል-ገዛሊ ‹ኢሕያእ ዑሉሙ-ዲን› ከተባለው ባለ 40 ክፍል ኪታባቸው 39ኛውን ክፍል ለተፈኩር ሰጥተውታል። ተፈኩር እንግዲህ የሥራ ፈት ሰው ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም።

ታዲያ ጊዜው ከየት ይምጣ? ከማዕዳችን ብዛትና ከሥራ ክፍፍላችን ነው የሚመጣው። የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበርና የሰላት ጊዜ ሲደርስ ወደ ሰላት ይወጡ እንደነበር ተናግረዋል። ቤተሰብን ማገዝ የነቢዩ ፈለግ ከሆነ፣ ጎረምሳው ልጃችን ሳምቡሳ ቢጠብስ፣ አባወራውም ሳህን ቢያጥብ ነውር የለበትም። የቤት ሠራተኛችንም ጾመኛ ከሆነች ሰዓቷ እንደ እኛው ሰዓት የከበረ ነው። እሷን ከምድጃው ጋር ትተን እኛ ለዱዓ ብንቀመጥ ፍትሕ አይሆንም።

ነቢዩ በቴምር፣ ቴምር ባይኖርም በውሃ ያፈጥሩ ነበር። እኛም በዚሁ አፍጥረን፣ መግሪብን ሰግደን፣ ከዚያ ሾርባና አንድ ዓይነት ወጥ ብናቀርብ ማዕዳችን አይጎድልም። ሳምቡሳው በዕረፍት ቀን በጋራ ተጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። አዛን ሊል 20 ደቂቃ ሲቀረው ምድጃው ይጥፋ፤ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፤ ስልኮቻችን አንድ ቦታ ይሰብሰቡ።

በእነዚህ 20 ደቂቃዎች አስቀድመን ኢስቲግፋር እናድርግ። ቀጥሎ አንድ አንቀጽ ከነትርጉሙ በዝግታ እናንብብ፤ ልጆቻችንንም ምን እንደገባቸው እንጠይቅ። ከዚያ ዝም ብለን ራሳችንን እንመርምር። ዛሬ የትኛውን ጸጋ ሳናመሰግን አለፍን? ማንን አስቀየምን? ነገ ምን እናስተካክል? በመጨረሻ እያንዳንዳችን በምንችለው ቋንቋ ዱዓ እናድርግ። ዐረብኛ አለማወቅ ከዱዓ አያግድም፤ አላህ አማርኛውንም፣ ኦሮምኛውንም፣ ስልጢኛውንም ይሰማል።

ሱቅ ውለው ወይም ታክሲ ሲነዱ መንገድ ላይ ለሚያፈጥሩ ወንድሞችና እህቶችም በሩ ክፍት ነው። ከግዴታ ሰላት በኋላ ጫማ ለመያዝ ከመሮጥ በፊት 33 ጊዜ ሱብሓነላህ፣ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ፣ 33 ጊዜ አላሁ አክበር ማለት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ቃሉን ሳናጣድፍ፣ ትርጉሙን እያሰብን ካልነው እሱም ተፈኩር ይሆናል።

ብዙዎቻችን በረመዳን የጀመርነውን ከዒድ ማግስት እንተወዋለን። ነቢያችን ግን ትንሽም ብትሆን የምትዘወተር ሥራ አላህ ዘንድ ተወዳጅ መሆኗን አስተምረውናል። ስለዚህ 20 ደቂቃዋ ከረመዳን በኋላ ወደ አምስት ብትወርድ እንኳ አትቋረጥ። የቤቱ ሁሉ ሰው፣ እናትም ጭምር፣ ከሥራ እጁን አንስቶ የሚቀመጥባት ሰዓት ትሁን።

አላህ ጾማችንንና ሰላታችንን ይቀበለን፤ ቤቶቻችንን እሱ የሚወሳባቸው ያድርግልን። አሚን።