ከደረስጌ እስከ «ያላቻ ጋብቻ»

ደረስጌ ማርያም በጃናሞራ፣ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ናት። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ለራሳቸው ንግሥ ብለው ባሠሯት በዚህች ቤተ ክርስቲያን፣ የካቲት 1847 ዓ.ም. ድል የነሷቸው ካሣ «ቴዎድሮስ» ተብለው ዘውድ ጫኑባት። ንጉሡ ቆይተው የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ፤ ልዑል ዓለማየሁም ከዚህ ጋብቻ ተወለደ። ትዳሩ ግን ሰላም አልነበረውም። ሲወራ እንደኖረው፣ የሰሜን ባላባት ልጅ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እየተባለ የሚታማን ሰው እንደ እኩያዋ ለመቀበል ከብዷት ነበር።

ይህ ታሪክ ለመድረክ ቢጻፍ ሐዘን ይሆናል። ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ ግን ይህንኑ ጉዳይ፣ ዘር ከዘር ያልገጠመበትን ጋብቻ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. «ያላቻ ጋብቻ» ብሎ ኮሜዲ አድርጎ ጻፈው።

«አቻ» እኩያ ማለት ነው፤ «ያላቻ ጋብቻ» ደግሞ እኩያ ያልሆኑ ሰዎች ጋብቻ። በተውኔቱ ባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰ የባላባት ልጅ የከተማውን ሹመት ትቶ ገጠር ይገባል፤ ያስተምራል። ልቡም በቤቱ በምታገለግለው ሴት ላይ ያርፋል። ይህን የማትቀበለው ባላባት አክስቱ ናት። እንቅፋቱ ለቲያትር አዲስ አይደለም። ሼክስፒር በኮሜዲዎቹ ሽማግሌ አባቶችን በወጣቶች ፍቅር መንገድ ላይ እያቆመ ብዙ አስቋል። ያው እንቅፋት ሲጠብቅ ደግሞ ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ ያመጣው «ሮሚዎና ዡልየት» ይሆናል። ኮሜዲውንና ትራጄዲውን የሚለያቸው የእንቅፋቱ ዓይነት ሳይሆን ሰዎቹ ሳይሞቱ መታረቅ መቻላቸው ነው።

ዳባትና ደባርቅ ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ከአዲስ አበባው ተመልካች የሚበልጥበት ነገር ያለ ይመስለኛል። በቀድሞው በጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ዘር መቁጠር ባዶ ኩራት አልነበረም። ገበሬው ርስት የሚጠይቀው ከአቅኚው አባት መወለዱን በቃሉ ቆጥሮ ነው፤ አያቱን የረሳ መሬቱን አጣ ማለት ነው። ሽማግሌ ሲላክም የሚመዘነው ከብቱ ብቻ ሳይሆን ሐረጉም ጭምር ነበር። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪያፈርሰው ድረስ ነገሩ በዚህ ቆየ። ስለዚህ የአክስትየው ቁጣ የሞኝ ሴት ቁጣ አይደለም፤ የምትከላከለው እሷን ያቆማትን ምድር ነው። የሚያስቀው ደግሞ ያ ሁሉ ሐረግ የአንድን ወጣት ልብ ማዘዝ ሲያቅተው ማየት ነው።

ፍቅሩንም ቢሆን ዝም ብለን አንመነው። ስታነቡ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ አንብቡ፦ ይህ ሰው የወደደው ሴቲቱን ነው ወይስ በመጽሐፍ ያነበበውን እኩልነት? ተቃዋሚዋን ብቻ ሳይሆን አፍቃሪውንም የሚፈትን ኮሜዲ ነው የሚበረታው። ሳቁ ከሁለቱም ወገን ሲመጣ ተመልካቹ ለማን እንደሚያደላ ግራ ይገባዋል፤ ፍቅሩም ስብከት ከመሆን ይድናል።

መንግሥቱ ለንደን የተማረ ቢሆንም የሽማግሌን ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር። «የአባቶች ጨዋታ»ን ያሰባሰበው፣ የሊቁ አባቱን ትውስታ «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ» ብሎ ለመጽሐፍ ያበቃውም እሱ ነው። ጆሮው በዚህ ንግግር የተሞላ ሰው የአሮጌውን ትውልድ ሰው ሲያስቅበት ንቀት አይገባበትም። እኔ የእሱን ኮሜዲ ከብዙዎች የማስበልጠው ለዚህ ነው።

ጠለፋን የሚመለከተው ሌላው ኮሜዲው «ጠልፎ በኪሴ» ግን ዛሬ ያንኑ ያህል አያስቀኝም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር፤ ይህን ቀዳዳ የዘጋው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ተውኔቱ በተጻፈበት ዘመን የተጠለፈች ልጅ ከዚያ ሕግ ጋር እየኖረች ነበርና፣ መምህር ለተማሪዎቹ ሲያነበው ይህን ሳይነግራቸው ባይጀምር እመርጣለሁ።

«ያላቻ ጋብቻ» ግን ለማንበብም ለማሳየትም ቀላል ነው። የደባርቅ ወይም የዳባት ተማሪዎች በክፍላቸው ድምፅ ተከፋፍለው ቢያነቡት፣ የአክስትየውን ድርሻ ዘር ቆጠራን ከአያቷ አፍ የሰማች ልጅ ትውሰደው።