የመስታወቱ ባሕርና ግጦሹ

ባሕርን በመስታወት ገንዳ መጥኖ በሳሎን ውስጥ ማስቀመጥ በብዙ አገር ወዳጅ ያፈራ ጨዋታ ነው። ዳሩ ግን አኳሪየም የሚባለው ይህ ገንዳ የጨው ውሃ ተሞልቶ ዓሣ በገባበት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ባለቤቱን የሚያሳዝን ነገር ይመጣል። መስታወቱ ቡናማ ይለብሳል፤ ድንጋዩም አረንጓዴ ጠጉር ያበቅላል። ይህ አልጌ የሚባለው ነው። ባለቤቱም ወደ ሱቅ ሮጦ «አልጌ የሚበላ እንስሳ ስጡኝ» ይላል፤ መልኩ ደስ ያሰኘውንም መርጦ ይመለሳል። ከብት የሚገዛ ገበሬ አስቀድሞ ግጦሹን እንደሚመለከት ሁሉ፥ አልጌ በል እንስሳ የሚገዛም ሰው እንደዚሁ ማድረግ ይገባዋል እንላለን።

የነገሩ መነሻ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ የቆየ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ዓሣና የውሃ ተክል በአንድ ገንዳ አኑሮ ያደረገውን ምርመራ በለንደን ለኬሚስትሪ ማኅበር አሰማ። ገንዳው የጨው ውሃ አልነበረም። የተክሉ ቅጠል እየበሰበሰ ውሃውን ቢያበላሽበት ቀንድ አውጣዎች ጨመረበት፤ እነርሱም የበሰበሰውን እየበሉ ገንዳውን አጸዱለት። ዓሣው፥ ተክሉና ቀንድ አውጣው አንዱ ለሌላው ኑሮ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ከእንስሳው በፊት የበቀለውን መለየት ያሻል። ገንዳው አዲስ ሲሆን የሚታየው ቡናማ ዱቄት መሰል ነገር ዲያቶም ይባላል፤ በውሃው ያለው ሲሊካ ሲያልቅበት ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። አረንጓዴው ስስ ልባስ ለቀንድ አውጣ መልካም ምግብ ነው። እንደ ጠጉር የረዘመውን ግን ብዙዎቹ ስለማይነኩት አስቀድሞ በእጅ መንጨት ያስፈልጋል። እንደ ቀይ ዝልግልግ ጨርቅ አሸዋውን የሚሸፍነው ደግሞ ሳይኖባክቴሪያ የተባለ የባክቴሪያ ወገን በመሆኑ፥ እርሱን የሚበላ እንስሳ መፈለግ አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ድካም ነው።

የሁሉም ምክንያት ግን ብርሃንና የተትረፈረፈ ምግብ ነው። ለዓሣ ከተጣለው የተረፈው ሲበሰብስ ናይትሬትና ፎስፌት ይሆናል፤ አልጌውም እንደ ፍግ ይጠቀምበታል። ቀንድ አውጣ አልጌውን ቢበላም ኩሱን የሚጥለው በዚያው ውሃ ውስጥ ስለሆነ ፍጉ ከገንዳው አልወጣም። ስለዚህ ምግቡን መመጠን፥ ከውሃው በየጊዜው ጥቂት እየቀዱ በንጹሕ መተካት፥ መብራቱንም በቀን ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ መወሰን የባለቤቱ ሥራ ነው። ይህን ሥራ ማንም እንስሳ አይሠራለትም።

ወደ ምርጫው እንምጣ። መቶ ሊትር ገደማ ለሚይዝ መጠነኛ ገንዳ የሚሻለው ቀንድ አውጣ ነው። ከቀንድ አውጣም ትሮከስ የሚባለውን እናስቀድማለን፤ ቢወድቅ ራሱን መገልበጥ ይችላልና። አስትሪያ የሚባለው ጎበዝ ሠራተኛ ቢሆንም በጀርባው አሸዋ ላይ ከወደቀ ለመነሣት ይቸገራል፤ የሚያቃናው ሰው ካላገኘ ይሞታል። ሴሪት ትንሽ ነው፤ ቀን በአሸዋ ተቀብሮ ይውልና ሌሊት ወጥቶ ይግጣል። ከሜክሲኮ የሚመጣው ትልቁ ቱርቦ ጠጉራሙን አልጌ ሳይቀር ይበላል፤ ነገር ግን የለመደው ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ስለሆነ በሞቀ ገንዳ ብዙ አይቆይም፤ በጠባብ ቦታም ያልተደላደለውን ድንጋይ ይገለብጣል።

በባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ የሚኖረው ትንሹ ሸርጣን አልጌም ትርፍራፊም ይበላል። ሆኖም ባደገ ቁጥር ሰፊ ቤት ስለሚሻ ባለቤቱን ቀንድ አውጣ ገድሎ ቅርፊቱን የሚወስድበት ጊዜ አለ። እርሱን የሚያስገባ ሰው ባዶ ቅርፊቶች ይበትንለት።

ዓሣን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚማረከው በሃዋይ ባሕር በሚገኘው ቢጫ ታንግ ነው። ይህ ዓሣ እስከ 20 ሴንቲሜትር ያድጋል፤ ቀኑን ሙሉ እየዋኘ ይግጣል። በ2015 በዚያው በሃዋይ ለመጀመሪያ ጊዜ በገንዳ ማራባት መቻሉ ከባሕር የሚጠመደውን ቁጥር ለመቀነስ ተስፋ ሰጥቷል፤ የዓሣውን ቁመት ግን አላሳጠረውም። መቶ ሊትር ለእርሱ እስር ቤት ነው። ሳላሪያስ የሚባለው ዓሣ ከዚህ ቢያንስም ልባሱን ፍቆ ከጨረሰ በኋላ ሌላ ምግብ እምቢ ብሎ የሚከሳበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፥ ለአዲስ ገንዳ አንመክረውም።

የግጦሹና የጋጩ ሚዛን ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ባሕሩ ራሱ አሳይቷል። በ1983 እና በ1984 በካሪቢያን ባሕር ረጅም እሾህ ያለውን የባሕር ጃርት ወረርሽኝ ገብቶበት ከመቶው ከዘጠና በላይ አለቀ። በጃማይካ ጠረፍ አልጌ የሚበሉት ዓሦች አስቀድመው በአጥማጆች ስለተመናመኑ የሚግጥ ታጣ። በ1980 ማዕበል የተጎዳው ኮራልም በአልጌ ተዋጠ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከባሕሩ ወለል ከግማሽ በላይ ይሸፍን የነበረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ አምስት እጅ በታች ሆነ። በዚያ ጋጩ አልቆ ግጦሹ ተረፈ፤ በመስታወት ገንዳ ግን አዘውትሮ የሚደርሰው የዚህ ተቃራኒ ነው። በባሕር የተራበ እንስሳ ወደ ሌላ ድንጋይ ይሻገራል፤ በገንዳ የታሰረው ወዴት ይሄዳል?

ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ቀንድ አውጣ አስገብቶ ጥቂት ሳምንት መመልከት ደርዘን ከመግዛት ይበልጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም? የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ እነዚህ እንስሳት በጨው መጠን መለዋወጥ ቶሎ ስለሚጎዱ አዲሱን ውሃ በጠብታ እያለማመዱ ማስገባት ይገባል። ለታመመ ዓሣ የሚታዘዝ መዳብ ያለበት መድኃኒትም ቀንድ አውጣንና ሸርጣንን ስለሚገድል በዚያው ገንዳ አይጨመር።

መስታወቱ ጠርቶ እንግዳ የሚያደንቅበት ቀን ለባለቤቱ የደስታ ቀን ነው፤ ለጋጮቹ ግን የረሃብ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅመምና ጨው ያልገባበት ደረቅ የባሕር ቅጠል በድንጋይ አስሮ መስጠት ግዴታ ነው። ወደ ሱቅ የሚሄድ አንባቢያችንም «ይህ እንስሳ አልጌ ይበላል ወይ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «አልጌው ሲያልቅስ ምን ይበላል?» ብሎ ይጠይቅ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ካላገኘ ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።