የዶሮ መቀስ ወተት አይክፈት

ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጡ ሁለት ዓይነት ታካሚዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ የሚመጡት በዋዜማው ማታ ነው። ግራ እጃቸውን በነጠላ ጫፍ ወይም በወጥ ቤት ፎጣ ጠቅልለው፣ ልብሳቸው ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ይገባሉ። ምን እንደሆኑ ሲጠየቁ መልሳቸው አጭር ነው፤ «የዶሮ ብልት ሳወጣ ቢላዋው አመለጠኝ» ይላሉ። ሁለተኛዎቹ በዓሉ ካለፈ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ይመጣሉ። እነዚህ ደግሞ ተቅማጥና ትኩሳት የያዘው ሕፃን ያዘሉ እናቶች ናቸው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አይነሳም። እሱም ዶሮው የተቆረጠበት መሣሪያ ነው።

አንዲት እናት ያስረዱኝን ላንሳ። በቤታቸው ያለው መቀስ አንድ ብቻ ነው። በዋዜማው የዶሮውን እግርና የክንፍ ጫፍ ቆረጡበት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርገው ሰቀሉት፣ ጠዋት በዚያው መቀስ የልጃቸውን የላስቲክ ወተት ከፈቱበት። የልጁ ተቅማጥ የመጣው ከዚያ ነው ብዬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ሕፃን በብዙ ምክንያት ያስቀምጠዋል። ለጀርሙ ግን መንገዱ ክፍት ነበር።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በየወጥ ቤቱ ወፍራም የዶሮ መቀስ ማየት እየተለመደ ነው። ከገበያ የሚገዛው አለ፣ ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን በሻንጣቸው ይዘውት የሚመጡትም አለ። «ዶክተር፣ ይሄ ነገር ከቢላዋ ይሻላል ወይ?» ብለው የጠየቁኝ ጥቂት አይደሉም። መልሴ አዎ ነው። ነገር ግን መቀሱ ተፈትቶ የሚታጠብ መሆን አለበት፤ ከዶሮ በቀር ሌላ ነገርም ሊቆረጥበት አይገባም።

በመጀመሪያ ቢላዋ ለምን እንደሚያመልጥ እንይ። የተገነጠለ የዶሮ ቆዳና ስብ እርጥብና አንሸራታች ነው። ቢላዋው የዶለዶመ ከሆነ ደግሞ በጉልበት እንገፋዋለን። ጉልበት የበዛበት ስለት መገጣጠሚያው ድንገት ሲለቅለት የሚያርፈው ዶሮውን በያዘው እጅ ላይ፣ በተለይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አካባቢ ነው። በዚያ ቦታ ጣትን የሚያጥፉት ጅማቶችና ስሜት የሚያስተላልፉት ነርቮች ከቆዳው ብዙም አይርቁም። ስለዚህ ከላይ ስታዩት የጥፍር ያህል የሆነ ቁስል ከሥር ጅማት በጥሶ ሊሆን ይችላል። የመቀስ ጥቅሙ ሁለቱ ስለቶች እርስ በርሳቸው ስለሚገናኙ ወደ እጃችን የሚወረወር ኃይል መቀነሱ ነው። በቁርጥማት ምክንያት ቢላዋ አጥብቀው መያዝ ለሚያቅታቸው እናቶችም፣ በስኳር ሕመም የተነሳ ጣታቸው ለሚደነዝዝና ቁስላቸው ቶሎ ለማይድን ሰዎችም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ስለቱን ሳይሆን መጋጠሚያውን ይሁን። ሁለቱ ምላጮች በማይፈታ ብረት ከተጣበቁ የዶሮው ደምና ስብ በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ የትኛውም ሳሙና አይደርስበትም። ጥሩው ዓይነት በሰፊው ሲከፈት ለሁለት ይለያያል። ሻጩን «ይፈታል?» ብላችሁ ብቻ አትመኑ፣ እዚያው ፈታችሁ መልሳችሁ ግጠሙት። ከምላጮቹ አንዱ ጥቃቅን ጥርስ ቢኖረው የሚያንሸራትተውን ቆዳ ይይዛል። ወደ መጋጠሚያው ተጠግቶ ያለው ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጎድጓዳ ቦታ ትንንሽ አጥንት ለመያዝ የተሠራ ነው። እጀታው እርጥብ እጅ የማያንሸራትት፣ አራቱንም ጣት የሚያስገባ ይሁን። ስፕሪንግ ካለው እጅን ያሳርፋል፣ መቆለፊያ ካለው ልጆች ባለበት ቤት ይመረጣል። ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ለዶሮ ይበቃል። በአብዛኛው የሚገዛው አባት፣ የምትቆርጥበት እናት ስለሆነች የሚይዘው እጅ ራሱ ሄዶ ቢሞክረው ይሻላል።

በነገራችን ላይ፣ ማግኔት የያዘው ብረት ሁሉ ይዝጋል የሚባለው ለመቁረጫ ዕቃ አይሠራም። ስለቱ እንዲጠነክር ተብሎ የሚሠራው የማይዝግ ብረት አብዛኛው ማግኔት ይስበዋል።

አሁን ወደ አቆራረጡ እንምጣ። በባህላችን ዶሮ በ12 ብልት ይወጣል። ይህን ልማድ እንደ ሐኪም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም የሚቆረጠው በመገጣጠሚያው ላይ እንጂ አጥንት ተሰብሮ አይደለም። ጠንካራ መቀስ እጃችን ሲገባ ግን የታፋውን አጥንት መሐል ለመሐል የመቁረጥ ፈተና ይመጣል። አታድርጉት። የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ የሾለ ስንጣሪ ያወጣል። በቀይ ወጥ ውስጥ ደግሞ አይታይም፤ በጉርሻ መሐል ለሕፃን ወይም ጥርስ ለሌላቸው አዛውንት ይደርሳል። አጥንት ጉሮሮ ላይ ከቆመ በላዩ የእንጀራ ጉርሻ መዋጥ የተለመደ ነው፤ ይህ አጥንቱን ይበልጥ ይሰካዋል። ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ፣ ደረት ላይ ሕመም ካለ ወይም የመወጋቱ ስሜት ካልለቀቀ ምንም ሳትበሉ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። መተንፈስ ካስቸገረ ግን ደቂቃ የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ መገጣጠሚያውን በጣታችሁ እየነካካችሁ ፈልጉት፣ ቆዳውን ቅደዱ፣ ከዚያ መቀሱን አስገቡ። ጠንከር ያለውን ነገር በመቀሱ ጫፍ ሳይሆን ወደ መጋጠሚያው አስጠግታችሁ ቁረጡ። ዶሮውን የያዘው እጅ ከስለቱ ኋላ እንጂ ከፊት አይሁን። መክተፊያው እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ፣ ዶሮውንም እጃችሁንም አድርቁ። አልቆርጥ ካለ መቀሱን በሁለት እጅ መጭመቅ አይገባም፤ ቦታው መገጣጠሚያ አይደለም ማለት ነው። በረዶ ሆኖ የወጣ ዶሮ ሳይቀልጥ አይነካም።

በገጠሩ አካባቢ ቆቅና ጅግራ ለሚያገኙ ሰዎችም የዶሮ መቀስ ያገለግላል፤ አጥንታቸው ቀጭን ነው። በጥይት የተመቱ ከሆነ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ በሰፊው ቆርጣችሁ ጣሉ፤ እርሳስ ለልጅ አእምሮ መርዝ ነው። ሞታ የተገኘች ወፍ ወይም በፈንግል የታመመ ዶሮ «ሳይሞት ይታረድ» ተብሎ ወደ ወጥ ቤት አይግባ።

አሁን ደግሞ ወደ ሕፃኑ ጉዳይ ልመለስ። ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉት ጀርሞች ጤነኛ በሚመስል ዶሮ አንጀት ውስጥ ይኖራሉ። ከገጠር የመጣ የሐበሻ ዶሮም ሆነ የፈረንጅ ዶሮ ከዚህ ነጻ ነው ማለት አይቻልም። ዶሮ ወጣችን ራሱ አያሰጋኝም፤ ያን ያህል ሰዓት የሚንተከተክ ምግብ ውስጥ እነዚህ ጀርሞች አይተርፉም። የሚያሰጋኝ ወጡ አጠገብ ያለው ነው። አይቡ እሳት አይነካውም። ሰላጣውም እንዲሁ። እንቁላሉ ደግሞ ከተቀቀለና ከተላጠ በኋላ በቢላዋ ጫር ጫር ተደርጎ ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል ይገባል፤ ያ ቢላዋ ጥሬ ዶሮ የቆረጠው ከሆነ አስቡት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሕፃኑ ወተት አለ።

ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ ጠረኑን ያጠፋል፣ ደሙን ያወጣል። ጀርሙን ግን አይገድልም፤ የሚገድለው እሳቱ ነው። ቤት ውስጥ ታርዶ የተገነጠለ ዶሮ አትጠቡ አልልም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም። ነገር ግን በሚፈናጠር የቧንቧ ውሃ ሥር ሳይሆን በሳፋ ውስጥ ቀስ ብላችሁ እጠቡ፣ አይቡና ሰላጣው በዚያ አካባቢ አይኑር፣ እጣቢውን ዕቃ በሚታጠብበት ቦታ አትድፉ።

መቀሱን ፈትታችሁ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ጥርሶቹን በብሩሽ እሹ። ከዚያ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ማፍላት ይቻላል። ደሴ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ወደ 94 ይጠጋል። ሁለቱም ለእነዚህ ጀርሞች ከበቂ በላይ ነው፤ ከፈላ በኋላ 5 ደቂቃ አቆዩት። እጀታው ፕላስቲክ ሆኖ መፍላት የማይችል ከሆነ በ4 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ ንከሩት፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፣ አድርቁት። በረኪናን ከሎሚ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የሎሚ ውሃ በተደፋበት ሳፋ ላይ በረኪና የሚያፈሱ አሉና ነው ይህን የማነሳው።

«ለዶሮ ብቻ አንድ መቀስ ማስቀመጥ ቅንጦት ነው» የሚሉኝ አሉ። ቤቶቻችን ግን ዕቃ መለየትን ከማንም በላይ ያውቃሉ። በጾም ቤት የፍስክ ቢላዋና ድስት ለብቻው ይቀመጣል። ወሎ ላይ ደግሞ ክርስቲያኑ ለሙስሊም ጎረቤቱ፣ ሙስሊሙም ለክርስቲያን ጎረቤቱ ድግስ ሲያስብ የማንን ሥጋ ማን እንዳረደው፣ በምን ዕቃ እንደተሠራ ተጠንቅቆ ይለያል። በእጀታው ላይ ቀይ ክር ማሰር ብቻ ይበቃል።

ኮምቦልቻ ላሉ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችሁ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ናት። ብልቱ የወጣ ጥሬ ዶሮ ከሁለት ሰዓት በላይ ከፍሪጅ ውጭ አይቆይ፤ ሙቀቱ ሲበረታ ከአንድ ሰዓት አይለፍ። ደሴ ላይ ተዘጋጅቶ በሚኒባስ ለዘመድ የሚላክ ጥሬ ዶሮ ካለ ይህ ሰዓት የሚቆጠረው ከመነሻው ነው።

እጃችሁ ከተቆረጠ በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ሙሉ ሳታነሱ ተጫኑት፣ እጁን ከልብ ከፍ አድርጉ። በየደቂቃው ገልጦ ማየት ደሙን እንደገና ይከፍተዋል። ቀለበት ካለ ሳያብጥ አውልቁት። የቡና ዱቄት አትነስንሱበት፤ እኛ ለማጽዳት እንቸገራለን፣ ቁስሉም ይመረቅዛል። ከዚያ የጣቱን ጫፍ አጥፋችሁ ዘርጉ፤ ሁለቱንም ጎን ንኩ። ካልታጠፈ ወይም አንዱ ጎን ከደነዘዘ፣ ደሙ ቢቆምም ቁስሉ ቢያንስም በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የተበጠሰ ጅማት ወዲያው ሲጠገንና በዓሉ እስኪያልፍ ተቀምጦ ሲመጣ ውጤቱ አንድ አይደለም፤ የቀኝ እጃቸውም ሆነ የግራው የዕለት እንጀራቸው ለሆነ ሰዎች ልዩነቱ ትልቅ ነው።

መንጋጋ ቆልፍም አይረሳ። የዚህ በሽታ ጀርም በአፈርና በእንስሳት ኩስ ውስጥ ይኖራል፤ የዶሮ እግር ሁለቱንም ይረግጣል። እናቶች በእርግዝና ክትትል ወቅት ክትባቱን ያገኛሉ፤ ካርዳቸውን ያስቀምጡ። በየቤቱ ቢላዋ ይዞ የሚያርደው ግን አባወራው ነው፣ ብዙ ወንዶች ደግሞ ከልጅነት በኋላ ይህን ክትባት ወስደው አያውቁም። ቁስሉ ቆሻሻ የነካው ከሆነና ከመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት ካለፈ፣ ወይም መቼ እንደወሰዳችሁ ካላስታወሳችሁ፣ ለሐኪሙ ንገሩ።

ሕፃኑን ተቅማጥ ከያዘው ደግሞ ጡት አታቋርጡ፣ አንዱን ፓኬት ኦ.አር.ኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ስጡት፣ ከጤና ጣቢያ ዚንክ ጠይቁ። ከሰገራው ጋር ደም ካለ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም እንደ መፍዘዝ ካለ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ።